የመከታ መንጋጋና የአያ ጅቦ ቅልጥም

አንድ ጊዜ፣ ጅብ ከመሸ አጥር ለአጥር በሚያንዣብብበት አገር፣ ወይዘሮ የሻረግ የምትባል ሽንኩርት ነጋዴ ነበረች። ሀብቷ ጥቂት ዶሮዎች፣ አንዲት አህያና አንድ ውሻ ነው። አህያዋ ዳለቻ ትባላለች፤ ውሻው መከታ። ቀን ዳለቻ ሽንኩርት ተጭና ገበያ ስትወርድ መከታ ከኋላዋ ይከተላል፤ ሲመሽ እሷ ጋጣዋ ስትገባ እሱ በሩ ላይ ይጋደማል። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ሲባል ሰምታችኋል። ዳለቻ ባል አልነበራትም። መከታ ነበራት፤ መከታ ደግሞ ጥርስ ነበረው። እስከዚያች ቀን በሕይወት የቆየችውም በዚህ ጥርስ ነው።

አያ ጅቦ ይህን ጥርስ በደንብ ያውቀዋል፤ ጠባሳው ጎኑ ላይ አለ። አንድ ቀን ቁስሉን እየላሰ ሲያለቃቅስ ቀበሮ መጣች። ለእሱ አዝና እንዳይመስላችሁ፣ ዓይኗ የወይዘሮ የሻረግ ዶሮዎች ላይ ነው። ውሻውን በጥርስ ማሸነፍ እንደማይቻል፣ ውሻው ራሱ ጥርሱን እንዲሰብር ማድረግ ግን እንደሚቻል ነገረችው። ጅቦ ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀመጠው፣ ፀሐይ አድርቆ እንደ ድንጋይ ያደረገው የግመል ቅልጥም ነበረው። እሱን በስጦታ እንዲሰጥ መከረችው።

«ቅልጥሜን?» አለ ጅቦ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

«ቅልጥም ሰጥተህ አህያ ትወስዳለህ። የቱ ይበልጣል?»

አያ ጅቦ ብዙ አሰበ። ማሰብ ደግሞ አይሆንለትም። በመጨረሻ እያጉረመረመ እሺ አለ።

በማግስቱ ሁለቱ ወደ አጥሩ መጡ፤ ጅቦ አንድ እግሩን እየጎተተ። ጅብ እስኪነክስ ያነክስ የለ! ያለፈው ይቅር፣ እርጅናም መጣ፣ ታርቀን እንደር አለና ቅልጥሙን በአጥሩ ቀዳዳ አሾለከ። መከታ አሸተተውና አሁን በልቻለሁ ብሎ አመሰገነ። ቀበሮ ጅቦን በጎኑ ጎሰም አደረገችው።

«በሞቴ!» አለ ጅቦ።

እንግዲህ በእኛ አገር በሞቴ ከተባለ ወዲያ ምን መውጫ አለ? የጠገበም ይጎርሳል፣ የታመመም ይጎርሳል። እምቢ ያለ ሰው ስሙ ይጠፋል።

ዳለቻ ከጋጣዋ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ወንድምዓለም፣ ተው» አለችው። «በጥፍርህ ጫን በለውና እየው። ካልሰረጎደ ለጥርስህ አይሆንም። ይኼ ለጅብ መንጋጋ የተሠራ ነው።»

መከታ ቅር አለው። ገለባ የሚያኝክ ስለ አጥንት ምን ያውቃል ብሎ መለሰላት። ይባስ ብሎ ጅቦ፣ በእኛ ሰፈር ይህን የሚቆረጥሙት ግልገሎቹ ናቸው እያለ ሳቀበት። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው? ቅልጥሙን ወደ ጉንጩ ወሰደና ባለ በሌለ ኃይሉ ነከሰ። ቀው የሚል ድምፅ ተሰማ። አጥንቱ የተሰበረ መስሎት ደስ አለው። አጥንቱ ግን ጭረትም አልነካው፤ የተሰበረው የመከታ ትልቁ የመንጋጋ ጥርስ ነበር።

እንግዶቹ ተሰናብተው ሄዱ። ጅቦ ታዲያ ወደ ቅልጥሙ ዞር ዞር እያለ፣ ምራቁን እየዋጠ ነው የሄደው። ዳለቻ ይህን አየች።

ውሻ ሕመሙን አይናገርም። መከታም ባንድ ጎኑ ብቻ ማኘክ ጀመረ፤ የጎረሰውን ይጥላል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ጉንጩን ሊነኩት ሲሉ ይሸሻል። ወይዘሮ የሻረግ ምግቡን የጠላ መሰላት። ዳለቻ ግን ጠጋ ብላ ጠየቀችው፤ አንገቱን ደፍቶ አፉን ከፈተላት። የጥርሱ እኩሌታ የለም፤ ውስጡ ቀልቶ ይታያል። ነግሬህ አልነበር አላለችውም። ይህን ቃል ሳይናገሩ መዋጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የዋጠው ያውቃል።

«እንግዲህ አንቺን ማን ያስጥልሻል?» አለና አለቀሰ።

ጀንበር ጥልቅ ስትል እነዚያ መጡ። ቀበሮ ወደ ዶሮዎቹ ሾለከች፣ ጅቦ ወደ ጋጣው አመራ። መከታ በሩ ላይ ቆመ። ጉንጩ አብጧል፤ አፉን ሲከፍት ሕመሙ ዓይኑ ድረስ ይዘልቃል። ቢሆንም ጮኸ፤ ጅቦ ገፍትሮት ሲያልፍም እግሩን ነከሰው። ነከሰው እንጂ መያዝ አልቻለም፣ ሕመሙ አስለቀቀው። ጅቦ አፉን ከፍቶ ወደ ዳለቻ ቀረበ።

ይሄኔ ዳለቻ ጋጣዋ በር ላይ ወድቆ የቀረውን ቅልጥም አየች። የጅቦ ዞር ዞር ማለትም ትዝ አላት። ጀርባዋን አዙራ ቅልጥሙን በኋላ እግሯ ጠለዘችው። አጥሩን ተሻግሮ እየተንከባለለ ከግቢው በታች ወዳለው ገደል ወረደ።

«ቅልጥሜን!» ብሎ ጅቦ አህያዋን ትቶ ተከትሎት ወረደ።

«አንተ ሆዳም! ሥጋው እዚህ ቆሟል!» ብላ ቀበሮ ጮኸች። ብልጥ ነኝ ባይ እንዲህ በገዛ አፉ ይያዛል። ጩኸቷን ሰምተው ወይዘሮ የሻረግና ጎረቤቶቿ ዱላ ይዘው ወጡ፤ ቀበሮም አንዲት ላባ እንኳ ሳትቀምስ እግሬ አውጪኝ አለች። ጅቦ ገደል ውስጥ ቅልጥሙን እየቆረጠመ፣ ዛሬስ ንብረቴን አስመለስኩ እያለ ሲደሰት አመሸ ይባላል።

ወይዘሮ የሻረግ ውሻዋን ልታመሰግን ስትዳብሰው እብጠቱን አገኘችው። በማግስቱ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ የተሰበረውን ጥርስ ነቀለለት፤ ከእንግዲህ ደረቅ አጥንት፣ ቀንድም ሆነ ሰኮና እንዳታስነክሰው ብሎ አስጠነቀቃት።

ቤት ሲደርሱ ዳለቻ በውኃ የራሰ ፉርሽካዋን በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ አቀረበችለት። መከታ ፊቱን አዞረ። የሰደባትን አልረሳም፤ ጥርሱ የጎደለ ዘበኛ ድርሻሽን ሊካፈል አይገባውም አላት።

«በሞቴ» አለችው ዳለቻ።

አያ ጅቦም በሞቴ ብሎት ነበር፤ ግን የደገሰው የሌላውን ሞት ነው። ዳለቻ ሞቷን በዓይኗ አይታለች። በሷና በሞቷ መካከል፣ ጉንጩ አብጦ፣ ማን ቆሞ እንደነበርም አይታለች። መከታ ጎንበስ ብሎ በላ። ፉርሽካ ለውሻ ምን ይጣፍጠዋል? እሱ ግን እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም ይላል።

«እታለም፣ እግዜር ይስጥልኝ» አላት ጅራቱን እየቆላ። «አጥንት የሚሰጥ አላጣሁም። ለጥርሴ ያሰብሽልኝ አንቺ ነሽ።»

ከዚህ የምንማረው፣ በሞቴ እያለ ጥርስ የሚሰብር አጥንት ከሚያጎርሰን ይልቅ፣ ተው ብሎን ሳንሰማው እንኳ የራሱን ለስላሳ ጉርሻ የሚያካፍለን ወዳጅ ዕድሜ ልክ ሊመሰገን እንደሚገባው ነው።