የማጅራት ጭቃ

ዛሬ ቧንቧ የቆመበት ሜዳ ሣር ብቻ በነበረበት፣ ሰውም ከብትም ከአንድ ምንጭ በሚጠጣበት በዚያ በሩቅ ዘመን፣ ታች አምባ በምትባል መንደር ቢሻው የሚባል ሰው ነበር። ሀብቱ አንዲት ዳልቻ ላም ነበረች። ሥራው የወፍጮ ድንጋይ ከገደሉ እያወረደ ለሰው ቤት ማድረስ ነበር። ይሸከማል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሸከማል። ከመሸከም ብዛት አንገቱ ወደ መሬት ጎበጠ። ሰው ሰላም ሲለው ማን እንደሆነ የሚለየው እግሩን አይቶ ነበር።

ያን ጊዜ የውሃው ተራ የሚለየው በልደት ቀን፣ በገና ጨዋታ ነው። ታች አምባና ጎረቤቷ ላይ አምባ ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ሜዳ ይወጣሉ፤ ከእንጨት የተጠረበችውን ጥንግ እየመቱ በሌላው ወሰን ለማሳለፍ ይታገላሉ። ያሸነፈ በጋውን ሙሉ ከብቱን አስቀድሞ ያጠጣል። የተሸነፈ ከሰኮና የተረፈውን ጭቃ ያጠጣል። ታች አምባ ጭቃ ማጠጣት ከለመደ ቆይቷል።

ጎበዝ ጠፍቶ አይደለም። ጓንጉል የሚባል መቺ ነበረው፣ ክንዱ የበሬ ታፋ የሚያህል። ዱላውን እስከ ሰማይ ያነሣል፣ ያወርዳል፣ መሬቱን ይገምሳል! ጥንጓ ግን ካለችበት ንቅንቅ አትልም። ላይ አምባዎች በሳቅ ይፈርሳሉ።

«ጓንጉል፣ እስቲ የእኛንም ማሳ እረስልን!»

አንድ ዓመት ከታች አምባ ተጫዋች ታመመና ቢሻውን ጎትተው አስገቡት። ዋዜማውን ድንጋይ ሲሸከም ነው የዋለው። ዱላውን ተደግፎ ቆመ። ጥንጓ ተንከባላ እግሩ ሥር መጣች። መታት። ከመታትም በኋላ መሬቱን እያየ ቀረ፤ ቀና ለማለት ደክሞት ነበር። ሜዳው ጮኸ።

«የት ደረሰች?» አለ።

«አለፈች እኮ! ከሰው ሁሉ አናት በላይ ነጉዳ!»

አንድ ምት ብቻውን ግን ምን ያደርጋል? በቀረው ጓንጉል ሲያርስ ዋለና ተሸነፉ። የቢሻውንም ምት ዕድል ነው አሉት። ዳልቻ በዚያ በጋ ጭቃ ጠጣች።

በሁለተኛው ዓመት «አያ ቢሻው ይሞክር» ተባለ። ዳልቻ ወልዳ ነበር። ቢሻው ከነጥጃዋ ንጹሕ ውሃ ስትጠጣ ሊያያት ፈለገ፣ እጅግ ፈለገ። ጥንጓ መጣችለት። ዱላው ሳይደርስባት ዓይኑ ወሰኑ ጋ ሄደ፤ ያ የጎበጠ አንገት እንኳ ቀና አለ። ዱላው አፈር ዛቀ።

«ኧረ ሁለተኛ ገበሬ አገኘን!» አለ ላይ አምባ።

ተሸነፉ። ዳልቻ በዚያም በጋ ጭቃ ጠጣች። ጥጃዋ አልከረመችም።

ቢሻው አላለቀሰም፤ ለማልቀስም ደክሞት ነበር። ድንጋዩን አዝሎ ቁልቁለቱን ሲወርድ ግን ያችን የመጀመሪያ ዓመት ምት ያስባል። ድካም ሲይዘኝ መታሁ፣ ምኞት ሲይዘኝ ሳትኩ። ዓይን ሲቀድም አንገት ይከተለዋል፣ አንገት ሲነሣ ትከሻ ይነሣል፣ ትከሻ ሲነሣ ዱላው መንገዱን ይስታል። ምን አለፋችሁ፣ ነገሩ ይኸው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ዳልቻ ቆዳና አጥንት ሆነች። ሌላ የጭቃ በጋ እንደማትወጣ ቢሻው አወቀ። እሱም ቢሆን ዱላ የሚያነሣ ጉልበት አልቀረውም። ልደት ሲቃረብ ጓንጉል ዘንድ ሄደ።

«ምትህን ላስተካክልልህ» አለው።

ጓንጉል ሳቀ። «አንተ ተሸካሚ! ቀና ብለህ ሰው ማየት ያቃተህ፣ እኔን ምን ልታስተምር?»

«እሱኑ። ቀና አለማለትን።»

ምንጩ ጋ ወስዶ ከሰኮናው ዳና ጭቃ ዛቀና ማጅራቱ ላይ ለጠፈለት።

«ይኼ ከብቶቻችን የሚጠጡት ነው። ቅዝቃዜው አንገትህን ይያዝልህ። ምታና መሬቱን እያየህ ቅር። የት እንደደረሰች ጩኸቱ ይነግርሃል።»

ጓንጉል መታ። አፈር። ቢሻው ጭቃ ጨመረ። ደግሞ መታ። አፈር። ደግሞ ጭቃ።

«ክንድህ ምንም አልጎደለው፤ ዓይንህን ብቻ አስቀድመህ አትላከው።»

መታ። ጥንጓ «ጧ!» አለች። ጓንጉል መሬቱን እያየ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ተሸካሚ ብሎት አያውቅም።

የልደት ዕለት ቢሻው ሜዳ አልወጣም። ዳልቻን እየሳበ ወርዶ ምንጩ አጠገብ ተቀመጠ። ከሜዳው ትልቅ ጩኸት መጣ። የየትኛው መንደር እንደሆነ አልለየም። ቆይቶ ከብት እየተነዳ ሲመጣ ሰማ። ቀና ብሎ ለማየት ፈራ። መሬቱን እንዳየ አንድ እግር መጥቶ ፊቱ ቆመ። እግሩን አወቀው። የጓንጉል እግር ነበር።

«አያ ቢሻው» አለ ጓንጉል። «የት እንደደረሰች አላየሁም። በሉ፣ ላምዎን ያስቀድሙ።»

ዳልቻ ጠጣች። ቢሻው አንገቱን ሳያነሣ፣ ውሃውን ስትምገው ሰማ።

ዛሬ ለውሃ ተራ ብሎ ገና የሚጫወት የለም። ሰዉ ከቧንቧ ይቀዳል፣ ከብቱም ያለ ተራ ምንጩ ይወርዳል። የታች አምባ ሰው ግን የልደት ዕለት ማጅራቱን ጭቃ ሳይቀባ ዱላ አያነሣም። ቀና ብሎ የሳተውን መቺ አይቆጡትም፤ አንዱ ወደ ምንጩ ይወርድና ጭቃ ያመጣለታል። ጨዋታው ሲያበቃም፣ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም፣ ማጅራታቸውን የሚታጠቡት ከብቶቹ ጠጥተው ከጠገቡ በኋላ ነው።