ስንዱና የክረምቱ ወሬ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ አልፎ ሜዳው አደይ በለበሰበት ሰሞን፣ የዱር እንስሳት ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት መለሱ። ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ዝናብ ቤት ዘግቶባቸው ልጆቻቸው ሲራገጡባቸው የከረሙ ወላጆች የመክፈቻውን ቀን ከልጆቹ የበለጠ ናፍቀውት ነበር።

ነገር ግን መምህሩ የኔታ ኤሊ አልመጡም። ደራሽ ውሃ ወስዷቸዋል ተባለ። በእሳቸው ፋንታ ዋርካው ሥር ቆማ የተገኘችው እመት ቀበሮ ነበረች። ጸጉሯን አበጥራ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ጥርሷን ስለታመመች ሥጋ ከተወች ሁለት ክረምት እንዳለፋት ለወላጆቹ ነገረቻቸው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ማን ያምናታል? የዚያን ዕለት ግን ልጁን ይዞ ወደ ቤት መመለስ የፈለገ ስላልነበረ ሁሉም አመኗት።

እመት ቀበሮ ልጆቹን በክብ አስቀመጠችና የመጀመሪያውን ሥራ ሰጠቻቸው። እያንዳንዱ ተማሪ እየተነሳ ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፈ ይናገራል፤ ከሁሉ የበለጠ ጀብዱ የተናገረ የክፍል አለቃ ይሆናል።

የጦጣው ልጅ ቀድሞ ተነሳ። ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ጎርፉን እንደተሻገረ፣ ቅርንጫፍ ተሰብሮበት በጅራቱ ተንጠልጥሎ እንደቀረ ሲናገር ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እመት ቀበሮ ግን አዛጋችና እንዲቀመጥ ነገረችው። ቀጥሎ የጥንቸሏ ልጅ ስለ አዲሱ ጉድጓዳቸው ማውራት ሲጀምር ጆሮዋን አቀናች። ጉድጓዱ ስንት በር እንዳለው፣ ታናናሾቹ በየትኛው በኩል እንደሚተኙ እያባበለች ጠየቀችው፤ እሱም ኮራ ብሎ መለሰላት።

ከዚያ ተራው የስንዱ ሆነ። ስንዱ ትንሽ የሚዳቋ ግልገል ናት። ዓይናፋር ስለነበረች በየኔታ ኤሊ ዘመን አንድም ቀን ሳትጠየቅ ተናግራ አታውቅም። ያን ቀን ግን አለቃ መሆን አማራት። ጎርፉ የሚተኙበትን ሣር እንዴት ጠርጎ እንደወሰደው፣ እናቷ እሷን ገፍታ ስታወጣ የራሷ እግር እንደተሰበረ፣ ከዚያም እያነከሰች ከገደሉ ሥር ደረቅ ዋሻ አግኝታ እዚያው ወንድሟን እንደወለደች ተናገረች። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይዘው አዳመጧት።

«ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» አለች እመት ቀበሮ ጠጋ ብላ። «ለመሆኑ ወደ ዋሻው የሚገባው በየት በኩል ነው?»

«ከቀጋው ቁጥቋጦ በስተኋላ ነው። ቀጋውን ያላለፈ አያየውም።»

«እናትሽ አሁንም መሮጥ አትችልም?»

«አትችልም» አለች ስንዱ።

እመት ቀበሮ ወዲያው ስንዱን የክፍሉ አለቃ አደረገቻት። ልጆቹ በእግራቸው መሬቱን እየደበደቡ ደስታቸውን ገለጹላት። ስንዱ ደስታዋን ሳትጠግብ ነፋሱ ዞረና ከዋርካው ጀርባ ካለው ቁጥቋጦ አንድ ሽታ አመጣ። የሚዳቋ ልጅ ይህን ሽታ ማንም ሳያስተምራት ታውቀዋለች። የጅብ ሽታ ነበር።

ቀስ ብላ ዞር ስትል በቅጠሉ መሃል ሁለት ክብ ጆሮዎች ቆመው አየች። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ገባት። እመት ቀበሮ ዛፍ ላይ የሚያድረውን ጦጣ ምንም አልጠየቀችውም። የጠየቀችው መሬት ላይ የሚተኙትን ብቻ ነው። ልጆቹ እዚህ ተቀምጠው ሲማሩ አያ ጅቦ የሰማውን ይዞ ወደየቤታቸው ይሄዳል፤ ከሚያገኘውም እመት ቀበሮ ድርሻዋን ትወስዳለች። ስንዱ እናቷን በገዛ አፏ ለጅብ እንደሰጠች አወቀች። ልሩጥ አለች፤ ግን እሷ ብትሮጥ ጅቡም ተከትሏት ይሮጣል። ልጩህ አለች፤ የሚደርስላት ግን አልነበረም። ቁጥቋጦው ተነቃነቀ። አያ ጅቦ መንገድ ሊጀምር ነው።

«እመት» አለች ስንዱ፣ «የረሳሁት ነገር አለ። ትልቁን ጀብዱ አልተናገርኩም።»

ቁጥቋጦው ጸጥ አለ።

ስንዱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትመጣ አንድ የሰባ ሰንጋ ማጥ ውስጥ ገብቶ መውጣት አቅቶት እንዳየች ተናገረች። ጠባቂ እንደሌለው ነገረቻቸው። ስለ ሻኛው ደጋግማ አወራች፣ ስለ ታፋውም አወራች። ማጡ የት እንደሆነ ግን አልተናገረችም። እመት ቀበሮ ሞኝ አልነበረችምና ነገሩ ስላላማራት ቶሎ ብላ አስቀመጠቻት።

ከቁጥቋጦው ውስጥ ወፍራም ድምፅ ወጣ።

«ተያት ትጨርስ እንጂ። ሰንጋው የት ነው?»

ዋርካው ሥር የተቀመጠው ልጅ ሁሉ ድምፁን ለየው። ማንም ማንንም ሳይጠይቅ በየአቅጣጫው ተፈተለኩ። አያ ጅቦ ከተደበቀበት ዘሎ ወጣ፤ ልጆቹን ግን አልተከተለም። ሐሳቡ ሁሉ ሰንጋው ላይ ነበር። እመት ቀበሮ ሰንጋውን ብቻዋን ልትበላ ልጅቷን ዝም ያሰኘቻት መሰለው። በጅራቷ ይዞ ቦታውን ካልነገርሽኝ አለቅሽም እያለ ወዘወዛት። ሰንጋ የሚባል ነገር የለም ብላ ብትምል ብትገዘት አላመናትም። ግማሽ ጅራቷን አፉ ውስጥ ትታ እስክታመልጥ ድረስ ብዙ ቆዩ።

ስንዱ ያን ያህል ሮጣ አታውቅም። ቀጋው ሰውነቷን እየቧጨራት ዋሻው ውስጥ ገባች። እናቷ ቀና ብላ አየቻት።

«እማ፣ ተነሺ። ያለንበትን ተናግሬያለሁ።»

እናቷ ለማን ብላ አልጠየቀችም፤ አልተቆጣችም። በሦስት እግሯ ተነሳችና ወጣች፤ ስንዱም ወንድሟን በአፍንጫዋ እየገፋች ተከተለቻት። ረጅሙ ሣር ውስጥ ገብተው እንደተኙ አያ ጅቦ እያለከለከ በቀጋው በኩል ሲያልፍ ሰሙት። ዋሻው ውስጥ ያገኘው ገና ሙቀቱ ያልለቀቀው መኝታቸውን ብቻ ነበር። ወደ ጥንቸሏ ጉድጓድም ሄደ፤ እሷም ልጇ ደርሶላት ቤቱን ባዶ አድርጋው ነበር። ሁሉም ተረፉ። ክረምቱን ሙሉ ከዝናብ የጋረዳቸው ዋሻ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የእነ ስንዱ መሆኑ ቀረ፤ ስንዱም ስለ ዋሻው ብዙ ቀን አለቀሰች።

ከሳምንት በኋላ የኔታ ኤሊ መጡ። ደራሹ ሩቅ ወስዶ ስለጣላቸው በእግራቸው እስኪመለሱ ነበር የዘገዩት። ልጆቹን በክብ አስቀመጡና ክረምቱ እንዴት እንደነበር ጠየቁ። ማንም አልተነሳም። በመጨረሻ ስንዱ «ደህና ነበር፣ የኔታ» አለች። እሳቸውም የልጆቹን ፊት አይተው ሌላ ነገር አልጠየቁም። ሚዳቋም ከዚያ ወዲህ ግልገሏን አንድ ቦታ ሁለት ቀን አታስተኛም ይባላል።

ከዚህ የምንማረው በሙገሳ ተደስቶ የቤትን መግቢያ ለማያውቁት መንገር፣ ቤት ውስጥ የተኙትን አሳልፎ መስጠት መሆኑን ነው።