የጅብ ዋስ በጠፈር ላይ

አንድ ጊዜ፣ ገና ባልመጣ ዘመን፣ አራት እንስሳት በአንዲት መንኮራኩር ተሳፍረው ወደ ጠፈር ወጡ። «ያልመጣ ዘመን እንዴት አንድ ጊዜ ይባላል?» የሚል ካለ ዝም ብሎ ያዳምጥ፤ ከዚህ የባሰ የሚገርም ነገር ገና አለ።

አዛዡ አንበሳ ነበር። አንበሳ ባለበት ሌላ ማን ሊያዝ! ቀበሮ ጸሐፊ ሆኖ ማኅተሙንም መዝገቡንም ያዘ። አህያ ሞተሩን ተረከበች፤ ቀን ከሌት ትለፋለች፣ «እግዜር ይስጥሽ» ያላት ግን የለም። ለዕቃ ቤት ጠባቂነት የተቀጠረው ደግሞ፣ እንዳትስቁ፣ ጅብ ነው።

እንዴት ተቀጠረ? ሥራ ለመግባት ዋስ ያስፈልጋል። ጅብ መንደሩን ሁሉ ዞሮ ለመነ፤ ገና በሩቁ ሲያየው በሩን የማይዘጋ አልነበረም። በመጨረሻ አህያ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አህያ ሆዷ ባባ።

«በቃ አታልቅስ፣ አያ ጅቦ። እኔ ዋስ እሆንሃለሁ» አለችው።

«ለእኔ? ለእኔ ትፈርሚያለሽ?»

«እፈርማለሁ። ብቻ አደራህን፣ እንዳታሳፍረኝ።»

«በእናቴ እምላለሁ!» አለ ጅብ። ከልቡ ነበር የማለው። ችግሩ፣ ሆዱ አብሮት አልማለም።

ለስድስት ወር የተጫነውን ስንቅ በዘጠኝ ቀን ጨረሰው። ቋንጣውን በላ፣ በሶውን በላ፣ የአህያን ገለባ ሳይቀር «እስቲ ልቅመሰው» ብሎ አጋመሰው፣ ቀጥሎም ጨረሰው። በአሥረኛው ቀን የሚበላ ሲያጣ የሞተሩን ግሪስ ልሶ አጸዳው። ሞተሩ አቃሰተ፣ ጮኸ፣ ቀጥ አለ።

«ስንቁ የት አለ?» አለ አንበሳ።

ጅብ ሆዱን በእጁ ለመሸፈን ሞከረ። የሚሸፈን አልነበረም። «ጌታዬ፣ ነበረ» አለ።

ሦስት ቀን በባዶ ሆዳቸው ጠፈር ላይ ተንሳፈፉ። በአራተኛው ቀን አንበሳ ስብሰባ ጠራ፤ «መላ ያለው ይናገር» አለ። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀበሮ ጉሮሮውን ከጠረገ መልካም ነገር አይመጣም።

«ጌታዬ፣ መላው መዝገቡ ውስጥ አለ። ‹ጅብ ስንቁን ቢያጠፋ ዋሱ ይተካል› ይላል። ዋሱ አህያ ናት። ከጠፋው ስንቅ አብዛኛው ሥጋ ነው። አህያም እንግዲህ...» ብሎ ከኮቴዋ እስከ ጆሮዋ አያት። «ሕጉ ነው እንጂ እኔ ምን አገባኝ!»

«ሥጋዬ እኮ ደረቅ ነው» አለች አህያ። «ደግሞስ ሞተሩን ማን ይጠግነዋል?»

«ስንጠግብ እናስብበታለን» አለ አንበሳ። «ለምሳ ይድረስ።»

አህያ ዞራ ጅብን አየችው። ጅብ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። ከተወለደ ጀምሮ ምሳ ሲባል ደስ ሳይለው የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው።

ለምሳ ሰዓት አንድ ሰዓት ሲቀረው ሬዲዮው ተንጫረረ። የኤሊዎች መንኮራኩር በአጠገባቸው እያለፈች ነበር። ኤሊዎቹ የሌላ ኮከብ ተወላጆች ናቸው፤ አማርኛ ይችላሉ፣ ይሉኝታ ግን አያውቁም።

«እንደምን ዋላችሁ?» አለ አንድ ዝግ ያለ ድምፅ። «ቆማችሁ አየናችሁ። እርዳታ ትፈልጋላችሁ?»

ሁሉም በደስታ ዘለሉ። አንበሳ ግን ጎፈሩን አበጠረና ማይክሮፎኑን ያዘ። በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ማለት ለእሱ ነውር ነው፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መለመን አለበት።

«ኧረ እኛ ምንም አልሆንን። አትቸገሩ» አለ።

«ምግብስ አላችሁ?»

«ኧረ ጠግበናል! ይልቅ እናንተ ኑ ግቡ፣ አብረን እንብላ።»

«እኛ አሁን በልተናል። ባልደረቦችህስ ደህና ናቸው?»

አንበሳ ማይክሮፎኑን ለአህያ አቀበላት። ልትበላ ሃምሳ ደቂቃ የቀራት አህያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«መልካም። ደህና ሁኑ» አሉ ኤሊዎቹ። ሄዱ።

አንበሳ ፈገግ አለ። «አሁን ደግመው ይለምኑናል። አንዴ ጠይቆ የሚሄድ የት አለ?»

ቀበሮ በመስኮት አየ። «ጌታዬ፣ እየሄዱ ነው።»

«እየተግደረደሩ ነው።»

«ኧረ የምራቸውን ነው!»

«እንግዲያ ጥራቸዋ!»

«ምን ብዬ? ‹አዛዣችን ዋሽቷል› ልበል? ክብርዎስ?»

አንበሳ ክብሩን አሰበ፣ ሆዱን አሰበ፣ አህያን አየና ምራቁን ዋጠ። የኤሊዎቹ መብራት እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ።

ይሄኔ ጅብ ተስፈንጥሮ ማይክሮፎኑን ነጠቀ። እሱ እንደሆነ ይሉኝታ የሚባል ነገር በደጁም አላለፈ።

«ኤሊዎች! ቁሙ! ውሸት ነው! ርቦናል! ስንቁን የበላሁት እኔ ነኝ፣ ግሪሱንም የላስኩት እኔው ነኝ። አሁን ለመበላት የተረፈችው ጓደኛዬ አህያ ብቻ ናት። እኔ ጅብ ነኝ፣ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ካቀረቡልኝ እበላታለሁ። ከበላኋት በኋላ ደግሞ ዕድሜ ልኬን አለቅሳለሁ። በዓለም ላይ እኔን ያመነች እሷ ብቻ ናት። በእናታችሁ ድረሱልኝ! ምግብ ይዛችሁ ኑ! ደግሞ በዛ አድርጉት!»

አንበሳ በኀፍረት ፊቱን በጎፈሩ ሸፈነ።

«ርቧችኋል እንዴ?» አሉ ኤሊዎቹ ግራ ገብቷቸው። «ታዲያ ለምን ‹ጠግበናል› አላችሁ?»

«እኔ እንጃ!» አለ ጅብ። «እኔንም ሁልጊዜ ይገርመኛል።»

ኤሊ አይደሉ፣ ለመዞር ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። አህያ ሰዓቱን እያየች ላቧ ተንጠፈጠፈ። ለምሳ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ግን በሩ ተንኳኳ። ኤሊዎቹ አንድ በርሜል ግሪስና ሦስት ኩንታል ጎመን ይዘው ገቡ። አዎ፣ ጎመን! አንበሳ ዓይኑን ጨፍኖ በላ። ቀበሮም መዝገቡን ቶሎ ዘግቶ «ለጤና እኮ ጥሩ ነው» እያለ በላ።

አህያ ግን ምግቡን ትታ ወደ ጅብ ሮጠች። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ «አያ ጅቦ፣ ነፍሴን አተረፍካት!» ብላ አለቀሰች።

ጅብ ጥርሱን ነክሶ፣ ትንፋሹን ይዞ ቆመ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እህቴ» አለ፣ «እኔም እወድሻለሁ። አሁን ግን ፈቀቅ በይልኝ፤ ጎመን አያጠግበኝም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ወዳጅን ከሞት ለማትረፍ ክብርን ጥሎ «ቸግሮናል፣ ድረሱልን» ብሎ የሚጮህ አንድ ነውረኛ፣ በይሉኝታ አፋቸውን ከያዙ ጨዋዎች ሁሉ እንደሚሻል ነው።