ባለቤት የሌላት ርግብ

ተረት ተረት።

«የመሠረት።»

ክንፍ ያለው ይረፍ፣ ጆሮ ያለው ይቅረብ።

በድሮ ጊዜ፣ በአንድ ትልቅ ገደል አፋፍ ላይ አንድ መንደር ነበረ። መንደሩ ውሃ የለውም። ማለት፣ ነበረው፤ ግን ተዘግቶበት ነው። ምንጩ የሚፈልቀው ከንጉሡ ግቢ ስር ነበር። ንጉሡ ትልቅ ድንጋይ አስገፍቶ በምንጩ አፍ ላይ አስቀመጠ። ወታደሮችም አቆመበት። ከዚያ በኋላ ውሃው ወደ ንጉሡ አትክልት ብቻ ይሄዳል። የመንደሩ ሰው ደግሞ ገደሉን ወርዶ፣ ከወንዝ ቀድቶ፣ በጀርባው ተሸክሞ ይወጣል። ጠዋት የወረደ ከሰዓት ነው የሚመለሰው።

ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ንጉሡ አዋጅ አስነገረ። ክፉ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም። አዋጁ እንዲህ የሚል ነው፦ «በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ርግቦቻችሁን ከገደሉ ማዶ ልቀቁ። ገደሉን ተሻግራ በሕይወት ቤቷ የገባች ርግብ ካለች፣ ምንጩ ለባለቤቷ ነው።»

ሰው ደስ አለው። ርግብ የማያረባ ቤት አልነበረማ። ርግብ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ የትም ወስዳችሁ ብትለቋት የምትመለሰው ወደተፈለፈለችበት ቤት ነው።

ግን ገደሉ መሃል አንድ አለት አለ። አለቱ ላይ ቀይ ጭልፊት ይቀመጣል። ይሄ ጭልፊት እንደ እኛ ሰፈር ጭልፊት እንዳይመስላችሁ። ንጉሡ ከጫጩትነቱ ጀምሮ፣ አስማት የተደገመበት ሥጋ በእጁ እያጎረሰ ነው ያሳደገው። ክንፉን ሲዘረጋ የበር ሳንቃ ያክላል። እንደ ሰው ይናገራል። ርግቦቹ ሲለቀቁ ከአለቱ ላይ ሆኖ ያያል፣ ይመርጣል፣ ይለቅማል። አንዲት ርግብ እንኳን አልፋው አታውቅም።

በዚያ መንደር ስንሻው የሚባል ድንጋይ ፈላጭ ነበር። ዘርፌ የምትባል ትንሽ ልጅ አለችው። ዘርፌ ዓይኗን ያማታል። ወንዝ ተወርዶ የሚመጣው ውሃ ለመጠጥም አይበቃ፣ ፊቷን ደህና አድርጋ የምትታጠበው ለዓመት በዓል ነው። ዝንቡ ዓይኗን ሲወርር ስንሻው አጠገቧ ቁጭ ብሎ በእጁ ያባርርላታል። መድኃኒት የሚያውቁ አንዲት አሮጊት አዩአትና፣ በየቀኑ በንጹህ ውሃ ካልታጠበች ዓይኗ ይጠፋል አሉት። ስንሻው ያን ቀን ራቱን አልበላም።

ስለዚህ ርግብ ማሠልጠን ጀመረ።

በመጀመሪያው ዓመት ፈጣን ርግብ አሠለጠነ። በፉጨት ስትጠራ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ትመጣለች። በሁለተኛው ዓመት ከፍ ብላ የምትበር አሠለጠነ። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ዝቅ ብላ ወንዝ ወንዙን የምትበር አሠለጠነ። በሀገሩ ደንብ ሁሉም ሰው ርግቡን ምልክት ያደርግባታል፤ ስትገባ የማን እንደሆነች እንዲታወቅ። አንዱ ቃጭል ያንጠለጥልባታል። አንዱ ክንፏን ቀለም ይነክራል። ስንሻውም ከዘርፌ ቀሚስ ጥለት ላይ ክር እየመዘዘ በርግቧ እግር ላይ ያስርባታል።

ፈጣኗን ጭልፊቱ በላት። ከፍ ያለችውን በላት። ዝቅ ያለችውንም በላት።

አያ ጓንጉል የሚባሉ ጎረቤት ነበሩት። በሀገሩ እንደሳቸው ርግብ የሚያውቅ የለም። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። «ስንሻው፣ ለጭልፊቱ ቀለብ ትሰፍርለታለህ እንዴ?» አሉት።

«የርስዎስ አልተበላችም እንዴ፣ አያ ጓንጉል?»

«የኔማ መጨረሻ ላይ ነው የተበላችው» አሉ፣ ኩራታቸው ሳይጎድል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ የስንሻው አህያ መንገድ ላይ ሞተች። ውሃ ስታመላልስ ነበር የኖረችው። አንዲት ጥንብ አንሳ መጣች። አሮጊት ናት፣ አንገቷ ተመልጧል። ርቧታል። ቀደም ሲል አያ ጓንጉል በር ላይ ብታርፍ ድንጋይ ወረወሩባት። ወደ ወታደሮቹ ብትሄድ ጦር ወረወሩባት። አሁን ስንሻው ፊት ቆመችና አየችው። ስንሻው ደክሞት ነበር። ድካም አንዳንዴ ደግነት ይሆናል። «ብዪ» አላት። «ለሷስ ከእንግዲህ ምን ይሆናታል።»

በልታ ስትጨርስ ጥንብ አንሳዋ እንደ ሰው ተናገረች።

«እኔ አልገድልም። የሞተውን ሁሉ ግን አይቻለሁ። ርግቦችህ ለምን እንደሞቱ ማወቅ ትፈልጋለህ?»

ከክንፏ ላይ አንድ ላባ ነቅላ ሰጠችው። ዓይኑ ላይ ሲያደርገው ጭልፊት የሚያየውን እንደሚያይ ነገረችው።

የአያ ጓንጉል ርግቦች በዚያ ሰዓት ሰማይ ላይ ይዞሩ ነበር። ስንሻው ላባውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቀና አለ። ርግቦቹ ሁሉ ነፋስ እንዳነሳው አቧራ አንድ ግራጫ ሆነው ታዩት። አንዷ የት እንዳበቃች፣ ሌላዋ የት እንደጀመረች አይለይም። አንዷ ብቻ፣ አያ ጓንጉል እግሯ ላይ ቀይ ክር ያሰሩባት፣ እንደ ፍም ታበራለች። ዓይኑን ከሷ ላይ መንቀል አቃተው። አፉ ምራቅ ሞላ። ስንሻው ደንግጦ ላባውን አነሳ።

«እሜቴ» አላት፣ «ለካ እኛው ነን ለጭልፊቱ የምናሳያት።»

«ስማኝ» አለችው። «መጀመሪያ ክሩን ፍቱ። ከዚያ ሳትመግቧቸው ልቀቋቸው። የጠገበች ርግብ ዛፍ ላይ ትቀመጣለች፤ የራባት ቤቷን ነው የምታየው። ሦስተኛው ግን ከባድ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ይፈልፈሉ። የተለያየ ቤት ያላቸው ርግቦች ገደሉ ላይ ይለያያሉ። ለብቻዋ የወጣችውን ጭልፊት ያገኛታል።»

«እንግዲያ የማን እንደሆኑ በምን ይታወቃል?»

«አይታወቅም» አለችው። «ከባዱ እሱ ነው።» ከዚያ ክንፏን ዘርግታ ወደ ገደሉ ወረደች።

ስንሻው መንደሩን ሰብስቦ ያየውንና የሰማውን ተናገረ። ሳቁበት። የጥንብ አንሳ ደቀ መዝሙር አሉት። የሳቁት ግን ስላላመኑት ብቻ አልነበረም። ሁሉም በልቡ፣ አንድ ቀን የኔ ርግብ ታልፋለች፣ ምንጩ የኔ ይሆናል፣ ሰው ሁሉ ቅል ይዞ በሬ ላይ ይቆማል እያለ ነበር የሚኖረው። ይሄን ሐሳብ ትቶ እንቁላሉን ከጎረቤት እንቁላል ጋር ማን ይቀላቅላል?

ስንሻው አልተከራከረም። ላባውን ለአያ ጓንጉል ሰጣቸው። አያ ጓንጉል እያሾፉ ዓይናቸው ላይ አደረጉት። ቀና ብለው የገዛ ርግቦቻቸውን አዩ። ከዚያ ማሾፉ ቀረ። ላባው እጃቸው ላይ አመድ ሆነ። እሳቸውም ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ርግቦቻቸውን ሲያዩ ዋሉ።

በማግስቱ ምርጥ ርግባቸው የጣለችውን እንቁላል በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ለስንሻው አመጡለት። እሳቸው ካመጡ ማን ይቀራል? አንዱ አመጣ፣ ሌላውም አመጣ። እንቁላሉ ሁሉ በአንድ ቅርጫት ተደባለቀ። አውድማው አጠገብ በጭቃ አንድ ትልቅ የርግብ ቤት ተሠራ፤ እንቁላሉን የሚታቀፉ ርግቦችም ገቡበት። ለቀለባቸውም ማሽላ ከየቤቱ ተዋጣ።

ጫጩቶቹ ክንፍ ሲያወጡ ስንሻው ማሠልጠን ጀመረ። መጀመሪያ ከአውድማው ጫፍ ለቀቃቸው። ከዚያ ከወንዙ ለቀቃቸው። ከዚያ ከማዶው ኮረብታ ለቀቃቸው። እየራባቸው ይለቃቸዋል፤ ሲመለሱ በፉጨት ጠርቶ ማሽላ ይበትንላቸዋል። ቀላል እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ይበታተኑ ነበር። ወደኋላ የቀረችውን ተራው የዱር ጭላት ይነጥቃታል። ስንሻው በጉም ቀን ለቅቋቸው ጠፍተው ያልተመለሱም አሉ። ያን ቀን እስኪመሽ ሲያፏጭ ከንፈሩ ተላጠ። እየዋለ እያደረ ግን ርግቦቹ ተለማመዱ። አንዷ ስትዞር ሁሉም ይዞራሉ።

መስከረም ጠባ። ንጉሡ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። የመንደሩ ሰው ከሰገነቱ ስር ተሰበሰበ። ስንሻው ከገደሉ ማዶ ሆኖ የቅርጫቶቹን ክዳን ከፈተ። ርግቦቹ ባንድ ላይ ተነሱ። ክር የለ፣ ቃጭል የለ፣ ቀለም የለ።

ቀዩ ጭልፊት ከአለቱ ተነሳ። አየ። ዓይኑን ከአንዷ ወደ ሌላዋ አዞረ። «የቷ ናት?» አለ። ገደሉ መልሶ የቷ ናት አለው።

አንዴ ወረደባቸው። ርግቦቹ ድንጋይ እንደተወረወረበት ውሃ ተከፈቱ፣ መልሰው ገጠሙ። ጭልፊቱ ባዶ ጥፍሩን ወጣ። ሁለተኛ ወረደባቸው። ተከፈቱ፣ ገጠሙ። ሦስተኛ ወረደባቸው። አሁን ጠርዝ ላይ የነበረች አንዲት ርግብ ትንሽ ዘገየች። እሷን ያዛት። ይዟትም ወደ አለቱ ሄደ።

መንጋ ማለት ማንም አይሞትም ማለት አይደለም፣ ልጆች። ጭልፊት አይመርጥም ማለት ነው።

የቀሩት ገደሉን ተሻገሩ። በመንደሩ ላይ አንዴ ዞሩና ርግብ ቤቱ ውስጥ ገቡ። ሰው እልል አለ።

ንጉሡ ግን ፈገግ አለ። ስንሻው ከማዶ እስኪመጣ ጠበቀና ወደ ሰው ዞረ። «መጀመሪያ የገባችው ርግብ የማን ናት? ባለቤቷ ይምጣና ምንጩን ይውሰድ። መሬትም እጨምርለታለሁ።»

እርስ በርስ መተያየት ተጀመረ። መጀመሪያ የገባችው ርግብ ጭንቅላቷ ዝንጉርጉር ነው፤ የአያ ጓንጉል ርግቦች ዘር ትመስላለች። አያ ጓንጉል ብድግ አሉ። እሳቸው የኔ ናት ቢሉ ነገሩ ሁሉ ያበቃል፤ ምንጩ ጌታ ይለውጣል እንጂ አይከፈትም።

አያ ጓንጉል ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ጃንሆይ» አሉ፣ «እኔ ማሽላ የሰጠሁት ለርግቦች ነው። ለየትኛዋ እንደሆነ አላውቅም።» ተመልሰውም ተቀመጡ።

ንጉሡ ሌላውን ጠየቀ። አላውቅም አለ። ሌላዋን ጠየቀ። አላውቅም አለች። የንጉሡ ፊት ጠቆረ። ግን መውጫ ያገኘ መሰለው።

«እንግዲያ ርግቧ ባለቤት የላትም። ርግቧ ባለቤት ከሌላት ምንጩም ባለቤት የለውም። ሂዱ፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ።»

ስንሻው እጅ ነሣ። «ጃንሆይ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም። ቢደግሙልን።»

ንጉሡ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። «ምንጩ ባለቤት የለውም ብያለሁ።»

«እንግዲያ የርስዎም አይደለማ» አለ ስንሻው። «ባለቤት የሌለውን ውሃ እነዚህ ወታደሮች ለማን ብለው ይጠብቁታል?»

ወታደሮቹ ተያዩ። የእነሱም እናቶች ውሃ የሚቀዱት ገደል ወርደው ነው። አንዱ ጦሩን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሌላውም አስቀመጠ። ከዚያ ሁሉም ትከሻቸውን ለድንጋዩ ሰጡ። ንጉሡ አፉን ከፈተ። ግን የንጉሥ ቃል ከአፍ ከወጣ አይዋጥም፤ ሀገር ሰምቶታል። ድንጋዩ ተንከባለለ። ውሃው መንደሩን አቋርጦ ወረደ።

ዘርፌ ጠዋት ጠዋት ፊቷን መታጠብ ጀመረች። ሰንበት ብሎ ዓይኗ ዳነ።

ጭልፊቱስ አትሉም? ጭልፊቱ ዛሬም አለቱ ላይ አለ። ጭልፊት ነዋ፣ ይበላል። ያቺ ጠርዝ ላይ የተያዘችው ርግብስ? የማን እንደነበረች ማንም አላወቀም። ማንም የኔ ናት ስላላለ፣ መንደሩ በሙሉ አዘነላት።

ልጆች፣ የኔ ትለይ፣ የኔ ትታይ ስንል ለጭልፊት ነው የምናሳያት። ተለይቶ ከመብለጥ ተጠጋግቶ መድረስ ይሻላል።

ተረቴን መልሱ፣ ጉሮሮዬን በውሃ አርሱ።