ሐይቁን ለመዞር የወጣችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ሐይቅ ዳር ከሚኖሩ እንስሳት መካከል፣ ዕድሜዋን ሁሉ የሌላውን ዕቃ ስትሸከም የኖረች አህያ ነበረች። ጨው ተሸክማለች፤ እንጨት ተሸክማለች፤ ወፍጮ ቤት ተመላልሳለች። ይህች አህያ በኋላ ብስክሌት ሠራች። ማንም አልሰጣትም። የፊቱን ጎማ ጎርፍ ጥሎት ከሄደው ትርኪ ምርኪ ውስጥ ፈልጋ አወጣች። የኋላውን ያገኘችው ለጉማሬ ሣር አመላልሳ ነው። ሰንሰለቱን የገጠመላት ዝንጀሮም ቢሆን በነፃ አልሠራላትም፤ ክረምቱን ሙሉ ማገዶውን አቅርባለታለች። በነፃ ያገኘችው ደወሉን ብቻ ነበር፤ እሱንም ደጋግማ አንኳኩታ ሳትፈትን አልተቀበለችም።

ብስክሌቱ ባለቀ ማግስት፣ «ነገ ሐይቁን እዞራለሁ» ብላ ለጎረቤቶቿ ተናገረች።

«ምን ጭነሽ?» አለቻት ጃርት።

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ትሄጃለሽ?»

«ላየው ነዋ! ከዚህ ሐይቅ ስንት ውሃ አመላለስኩ፤ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። ጠዋት በዳርቻው እሄዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በመስኖው ቦይ ዳር ባለችው መንገድ እመለሳለሁ። ደስ ሲለኝ እጋልባለሁ፤ ደስ ሲለኝ ወርጄ እቀመጣለሁ።»

«አህያ ሽርሽር ወጣች በሉኛ!» አለ ከርከሮ፤ ሁሉም ሳቁ።

ሳቁ ሳቅ ብቻ አልነበረም፤ ፍርሃትም ነበረበት። በዚያ አገር አንበሳ ያቆመው ሕግ አለ። ፀሐይ ሳትገባ ጅብ ከጉድጓዱ አይወጣም። ፀሐይ ከገባች በኋላ ደግሞ ከቤቱ ውጭ የተገኘ እንስሳ ለጅብ ነው፤ ማንም አይሟገትለትም። አህያዋ ቀን ሳለ ከደጇ ካልደረሰች፣ የብስክሌቷም የነፍሷም ነገር ያን ዕለት አበቃ ማለት ነው።

ቀበሮ ይህን ወሬ ይዞ ወደ ጅብ ጉድጓድ ሮጠ።

«አያ ጅቦ፣ ሰማህ? አህያ በብስክሌት ልትዞር ነው።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «በእግሯ ስትሄድ እንኳ አትጠገብም፤ ተቀምጣ ከሄደችማ ስቧ አይነካም!»

«ችግሩ፣ ጎማ ፈጣን ነው። ከፀሐይ ቀድማ ትገባለች። እንድታመሽ ማድረግ አለብን።»

«እንዴት አድርገን?»

«አህያ እምቢ ማለት አታውቅም። ለእንስሳቱ ሁሉ 'መንገደኛ አለችላችሁ' እላቸዋለሁ። በየደረሰችበት 'እግረ መንገድሽን' እያሉ ያሸክሟታል። ዕቃው ሁሉ ግን ለታች ሰፈር የሚላክ እንዲሆን አደርጋለሁ።»

ታች ሰፈር በቦዩ መጨረሻ ላይ ያለ፣ ከአህያዋ መንገድ ተገንጥሎ የሚኬድበት መንደር ነው። እዚያ ደርሶ የሚመለስ ሁሉ ይመሽበታል።

ጅብ ጥቂት አሰበና ፊቱን አጨማደደ። «በታች ሰፈር መንገድ እኮ ሌሎች ጅቦች አሉ። ቀድመው ቢበሏትስ?»

«እሱም ተመክሮበታል። አንተ ጆንያ ውስጥ ትገባለህ። ማሽላ ነው ብዬ አሸክማታለሁ። ፀሐይ ስትገባ ከማንም በፊት አጠገቧ ትገኛለህ። ሥጋው ላንተ፤ ብስክሌቱ ለእኔ።»

«ሕጉስ? ፀሐይ ሳትገባ ከጉድጓድ አትውጣ ይላል።»

«ጆንያም ያው ጉድጓድ ነው፤ ጨርቅ መሆኑ ነው እንጂ።»

ጅብ አሰበበት፤ ማሰቡ ግን ብዙ አልቆየም።

በማግስቱ አህያዋ ማለዳ ተነሣች። መንገዱ ከውሃው ጠርዝ ጋር እየታጠፈ፣ ቄጠማውን እየታከከ ይሄዳል። ነጫጭ ወፎች ዓሣ ይጠብቃሉ። ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ እግሮቿን ከፔዳሉ አንሥታ ለቀቀችው፤ ነፋሱ በጆሮዎቿ መካከል አለፈ። ከሾላ ዛፍ ሥር ወርዳ የረገፈውን ፍሬ በላች። ማንም «ሂጂ!» አላላትም። ጀርባዋ ላይ ያረፈው የፀሐይ ሙቀት ብቻ ነበር፤ እሱም አይከብድም።

ከሾላው በላይ ጃርት ጆንያ ይዛ ቆማ ጠበቀቻት። «እመት አህዪት፣ መቼም እግረ መንገድሽን ነው፤ ይቺን ድንች ለእህቴ። ታች ሰፈር ነች።»

በዚያ አገር፣ መንገደኛ የተሰጠውን አልወስድም ካለ ስሙ ይጠፋል። ደግሞም የአህያዋ አፍ «እሺ» ማለትን ከለመደ ቆይቷል። እሺ አለች።

ቀጥሎ ከርከሮ ስኳር ድንች አመጣ። ዝንጀሮ ደግሞ በቆሎ አመጣ፤ «ሰንሰለቱን የገጠምኩልሽ እኔ አይደለሁ?» አላት፤ የተከፈለውን ማገዶ አላነሣም። መጨረሻ ላይ ቀበሮ አንድ ትልቅ ጆንያ እየጎተተ መጣ።

«ማሽላ ናት፤ ለአክስቴ። አደራ! እንዳትፈቺው፤ ነቀዝ ይገባበታል።»

«ይከብዳል፣ ቀበሮ።»

«ጥሩ ማሽላ ነዋ!»

ብስክሌቱ አቃሰተ። አህያዋ ጥቂት ጋለበች፤ ከዚያ ወረደች፤ ከዚያ መግፋት ጀመረች። ሐይቁ አሁንም በግራዋ ነበር፤ እሷ ግን አንገቷን ደፍታ የምታየው የፊት ጎማውን ብቻ ነው።

ከቦዩ ስትደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ቦዩ እዚያ ላይ ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ክንድ ከአህያዋ መንገድ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ታች ሰፈር ይወርዳል። መከፈቻው ላይ የቦዩ የውሃ አባት ኤሊ ተቀምጧል። ለየመንደሩ ውሃ በተራው የሚለቅ እሱ ነው።

«እንዴት ዋልሽ፣ እመት አህዪት? ሽርሽር ወጣች ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«ወጥቻለሁ እኮ፣ አባ ኤሊ።»

«ታዲያ ሽርሽሩ የቱ ጋ ነው? ድሮ ጭነቱን ብቻ ትሸከሚ ነበር፤ ዛሬ ብስክሌቱንም ጨመርሽበት።»

ቃሉ ከጆንያው ሁሉ ከበዳት። ፀሐይዋን አየች። ታች ሰፈር ከወረደች ይመሽባታል፤ የጅብ እራት መሆኗ ነው። ዕቃውን እዚሁ ጥላው ብትሄድ ደግሞ አደራ በላ ትባላለች፤ በገዛ ጉልበቷ ያቆመችው ስም ይፈርሳል። ቆመች። ከዚያ ዓይኗ በውሃው ላይ አረፈ።

«አሁን የምትለቀው ለማን ነው?»

«የማታው ተራ የታች ሰፈር ነው። ኩሬያቸው ዳር ቆመው ይጠብቁታል።»

«እንግዲያው ውሃውም መንገደኛ ነው» አለች አህያዋ ቀና ብላ። «እግረ መንገዱን እሱ ይሸከም!»

ከዳር የደረቀ ደንገል ለቀመች፤ እየጠቀለለች አሰረችው፤ እንደ ታንኳ ተንሳፈፈ። ድንቹን ጫነች፤ ስኳር ድንቹንና በቆሎውን ጫነች። ትልቁን ጆንያ ከብስክሌቱ ላይ ስታወርደው መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«ቀስ!» አለ ጆንያው።

የአህያዋ ጆሮዎች ቆሙ። «ማነው?»

«ማሽላ ነኝ» አለ ጆንያው።

«ማሽላ ይናገራል እንዴ?»

«አይናገርም። እኔም ከእንግዲህ አልናገርም።»

ኤሊ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰበሰበ። የጅብ ድምፅ ለማን ይጠፋል! አህያዋ ግን አንድ ነገር አስተዋለች፤ ቀበሮ ጆንያውን ያሰረው ከውጭ ነው፤ አጥብቆም ነው።

«ጌታዬ ማሽላ» አለችው።

«አቤት?»

«አልናገርም ብለኸኝ አልነበር?»

«ረስቼ ነው። ፀሐይ ገባች እንዴ?»

«ገና ናት።»

«እንግዲያው ቶሎ ታች ሰፈር አድርሺኝ፤ እዚያ ጉዳይ አለኝ።»

«አደርስሃለሁ እንጂ! ያውም ሳትንገጫገጭ።»

ጀርባዋን አስጠግታ ገፋችውና ደንገሉ ላይ አሳረፈችው። ኤሊ የመከፈቻውን መዝጊያ አነሣ። ውሃው ጭነቱን ይዞ ወረደ። «እሰይ፣ አሁን ገና መንገዱ ለሰለሰ!» ሲል ማሽላው ከሩቅ ተሰማ።

በታች ሰፈር ኩሬ ዳር ባለዕቃዎቹ ዕቃቸውን ተቀበሉ። ትልቁን ጆንያ የፈቱት የመንደሩ ጠባቂ ውሾች ናቸው፤ ፀሐይ ደግሞ ገና ከተራራው በላይ ነበረች። ያን ዕለት የጅቡን ሩጫ ያዩ ሁሉ፣ ብስክሌት የነበረው እሱ ነው ብለው ይምላሉ።

አህያዋ ግን አልሮጠችም። ብስክሌቷ ቀለላት፤ መንገዱ በቦዩ ዳር ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ውሃው በአንድ ወገን፣ የሽንኩርቱ ማሳ በሌላው ወገን አብረዋት ሄዱ። ውሃ መጠጫው ጋ፣ ጭነታቸውን እንደተሸከሙ የቆሙ የሰፈሯ አህዮች ስታልፍ አዩዋት። አንዳቸውም አልሳቁም። ጆሯቸውን አቁመው፣ እስክትታጠፍ ድረስ በዓይናቸው ሸኟት።

ደጇ ስትደርስ ፀሐይ የተራራውን ጫፍ መንካቷ ነበር። ቀበሮ ብስክሌቱን ሊረከብ በሩ ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ዘሎ ተነሣ።

«አ... አደራዬስ?» አላት።

«ደርሷል። ማሽላህ ግን በመንገድ ላይ ስለ ፀሐይ አብዝቶ ይጠይቅ ነበር።»

ቀበሮ ጭራውን እግሮቹ መካከል ከተተ። ሆኖም እፍረቱ ቶሎ የሚለቀው ነውና፣ «መቼም ጎበዝ ነሽ! ነገም የምትዞሪ ከሆነ፣ እግረ መንገድሽን አንዲት ትንሽ ዕቃ...» ብሎ ጀመረ።

«አይሆንም» አለች አህያዋ።

ቃሉ ለአፏ አዲስ ነበር፤ ሲወጣ ግን አልከበዳትም። «ጭነት ያለው በገበያ ቀን ይምጣ። ዋጋውን ተነጋግረን እሸከማለሁ፤ ከእኔ የተሻለ ተሸካሚም አያገኝም። ነገ ግን ለራሴ ነው የምወጣው።»

በማግስቱ ጠዋት በሯን ስትከፍት፣ የሰፈሩን አህዮች በሙሉ፣ ጀርባቸው ባዶ ሆኖ፣ ደጇ ላይ ተሰልፈው አገኘቻቸው።

«እኛ ብስክሌት የለንም» አለች ከሁሉም ያረጀችው። «በእግራችን ብንከተልሽ ታፍሪብናለሽ?»

«እኮራባችኋለሁ እንጂ!» አለች አህያዋ፤ ከፊት ሆናም ቀስ እያለች መራቻቸው።

ከዚህ የምንማረው፣ እሺ ማለት የሚያስከብረው እምቢ ማለትንም ለሚያውቅ ብቻ መሆኑን ነው።