ለነፍሰ ጡሯ የተተወው ዳር

አንድ ሰው ነበረ፤ ሰፊ የጤፍ ማሳ ያለው። አንጓች ልጄ፣ ስለ ነፍሰ ጡር ሠራተኞችሽ «መብቷን የጠየቀችኝን እነግራታለሁ፤ ካልጠየቁኝስ የመናገር ግዴታ አለብኝ ወይ?» ላልሽኝ መልሴ ይኸው ነው።

የዚያ ሰው አባት በሕይወት ሳሉ፣ በአረም ሰሞን ሴቶቹ ሥራ ሳይጀምሩ ከማሳው ራስጌ ይቆሙና፣ «ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ዳሩን ያዙ! ሲደክማችሁ ዕረፉ፤ ከድርሻችሁ አይጎድልም!» ብለው ይጣሩ ነበር። ዳሩ ደረቅ ነው፤ ለጥላም ቅርብ። ድምፃቸው ወንዝ ይሻገራል። ሴቶቹ እየሳቁ ይመርቋቸዋል፤ ለባሏ ያልነገረችው እንኳ ዳሩን ትይዛለች። ዛሬም ነሐሴ ሲገባ ጆሮዬ ያንን ጥሪ ይፈልጋል።

እሳቸው ሞቱ፤ ማሳው ለልጃቸው ሆነ። ልጁ ክፉ አልነበረም። ዳሩን ለነፍሰ ጡር እንደተወ ነው። ግን የሴትን ሆድ በአደባባይ ማንሳት አሳፈረው፤ ለቡዳ ማሳየትም መሰለው። «የፈለገች ትጠይቀኛለች» ብሎ ዝም አለ።

ከሩቅ አገር በጋብቻ የመጣች ሴት ከአራሚዎቹ ጋር ገባች። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እንዳትባረር ሆዷን በመቀነት አጥብቃ አስራ፣ መሐሉን ይዛ ሁለት ቀን አጎንብሳ አረመች። በሦስተኛው ቀን ጭቃው ላይ ወደቀች። ፅንሱ ወረደ።

ሰውየው ሮጦ መጣ። «ምነው እህቴ፣ ዳሩ የነፍሰ ጡር አይደለም ወይ?»

«ማን ነገረኝ?» አለች።

«የምታውቅ መስሎን» አለች አንዷ፣ መሬት መሬቱን እያየች። አንዲት አሮጊት አራሚ ግን ቀና ብላ፣ «አባትህ ማሳውን ሲያወርስህ ምላሱን ነሳህ?» አለችው።

በማግስቱ ከማሳው ራስጌ ቆሞ እንደ አባቱ ተጣራ። ሁሉም ሰሙት። ያቺ የወደቀችው ሴት ግን አልነበረችም።

አንጓች ልጄ፣ አንቺም በአበባ እርሻው የሴቶቹ አለቃ ነሽ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት ሠላሳ ቀን፣ ከወለደች በኋላ ዘጠና ቀን ከነደሞዟ ታርፋለች፤ ፅንሷን የሚጎዳ ሥራ ላይም አትመደብም የሚለውን ወረቀት ያነበብሽልኝ አንቺው ነሽ። ወረቀቱ መሳቢያሽ ውስጥ ተቀምጧል፤ ያቺ ሆዷን በነጠላ የምትሸፍነው ልጅ ደግሞ የተባይ መድኃኒት የሚረጭበት የአበባ ቤት ትገባለች። አልጠየቀችኝም አልሽ። መኖሩን ያላወቀችውን እንዴት ትጠይቅ? ነገ ሥራ ሳይጀመር ቁሚና ተናገሪ። የማንንም ስም አትጥሪ፤ ሁሉም ይስሙ።