ቁልቁለት የለመደ መኪና

ሸኖ አካባቢ፣ ለትልቅ ጉዳይ መጥቶ አንድ እግሩን ደጅ ያስቀረ ሰው የሚተረትበት አባባል አለ። ብዙዎች ይሉታል እንጂ ከየት እንደመጣ አይጠይቁም። የመጣው ግን ከደብረ ሲና፣ በአንድ አሮጌ ሎንግቤዝ ተጭኖ ነው።

የመኪናው ባለቤት ይርዳው ይባላል። ሎንግቤዙን በጨረታ ከገዛው ወዲህ ዘይቱን በወቅቱ ይቀይራል፤ ከአራቱ ጎማዎች ሥር ጭቃውን በእጁ ይጠርጋል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግን ከሞተ ቆይቷል። ይርዳው ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮት አያውቅም። ደብረ ሲና ምኑ ሜዳ ነው? ማታ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ቁልቁለት አዙሮ ጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋል። ጠዋት ድንጋዩን ሲያነሳ መኪናው ይንደረደራል፤ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ሞተሩ ይነሳል። በቃ።

የሺመቤትን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክም አዛውንቶቹን ራሱ ጭኖ ጣርማበርን ወጣ። ሸኖ ከልጅቷ አባት ከአቶ ዘውዱ ደጃፍ ሲደርስ ግን ግራ ገባው። ከፊት ሜዳ፣ ከኋላ ሜዳ፤ በግራም በቀኝም እንደ መዳፍ የተዘረጋ ሜዳ።

“ውረዱ ጋሼ፤ እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ” አላቸው የሽማግሌዎቹን አለቃ ጋሽ ጌጤነህን። ሞተሩን አላጠፋም።

በተከፈተው በር ጀርባቸው ይታየዋል። እንደ ወጉ ጉዳያቸው ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆመዋል። ጋሽ ጌጤነህ ይናገራሉ፤ ሎንግቤዙም እየተንገጫገጨ አብሯቸው ይናገራል። ጭሱ ወደ ቤት ይገባል።

ጥቂት ቆይቶ የልጅቷ አክስት እትዬ አስካለ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

“አንተ ሾፌር፣ ይህን ነገር አታጠፋውም?”

“ትንሽ ይሙቅ ብዬ ነው፣ እትዬ።”

“ከየት ነው የመጣችሁት?”

“ከደብረ ሲና።”

“ከደብረ ሲና እስከዚህ ያልሞቀ፣ እዚህ ቆሞ ሊሞቅ ነው?”

ይርዳው ሞተሪኖ የለውም ቢል፣ በተበላሸ መኪና ልጅ ጠየቀ ሊባል ነው። ሲጨንቀው እግሩ ነዳጅ መስጫውን ረገጠና ጩኸቱ ባሰ።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ።

“ምን አሉ?”

“ምን ይበሉ፤ ‘እምቢ ብንል ለማምለጥ፣ እሺ ብንል ይዞ ለመብረር ነው የሚጮኸው፤ ከመንገዳችሁ አናስቀራችሁም’ አሉን” አሉ ጋሽ ጌጤነህ። “ለመሆኑ ለምን አታጠፋውም?”

“ካጠፋሁት አይነሳም።”

“እኛስ ቶሎ ለመነሳት ነው የመጣነው?”

ይርዳው በሩ ላይ የቆሙትን አቶ ዘውዱን አየ። ሜዳውን አየ። የሺመቤት ልትቀርበት መሆኑ ሲገባው ቁልፉን አዞረ። ሎንግቤዙ አንዴ ተንቀጥቅጦ ጸጥ አለ። ጸጥታው ከጩኸቱ ይበልጥ አስደነገጠው።

“አሁንስ ምን ሆነ?” አሉ አቶ ዘውዱ።

“ሞተሪኖ የለውም፣ ጋሼ። እኛ አገር ቁልቁለት ስለሆነ...”

“ሽማግሌ የላከው ልጅ እሱ ራሱ ነው” አሉ ጋሽ ጌጤነህ፣ አፈር እንደ ማለት ብለው።

አቶ ዘውዱ ሜዳቸውን ቃኙና ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። “እንግዲያው ሽማግሌዎቹ የትም አይሄዱም። ግቡ። ለአንተ ግን ወጉ አይፈቅድልህም፤ መኪናህን ጠብቅ።”

ይርዳው የማይነሳ መኪና ከማን እንደሚጠብቅ አልገባውም።

ሽማግሌዎቹ የወጡት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። “ለዳግማይ ትንሣኤ ተመለሱ ተብለናል” አሉ ጋሽ ጌጤነህ።

“ይሄ እሺ ነው ወይስ እምቢ?”

“ያልፈለገ ቀን ይቆርጣል እንዴ፣ አንተ?”

ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ መኪናውን ገፋ። አቶ ዘውዱም ጋቢያቸውን አጣፍተው ከኋላ ገፉ። ሞተሩ ተነሳ። ይርዳው አማቱን ሳይሰናበት መሄድ ነውር መሰለው፤ ወርዶ እጅ ሊነሳ፣ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

“ተው፣ ተው፣ እንዳታጠፋው” አሉት ገፊዎቹ ሁሉ።

እጁ በአየር ላይ ቀረ። አቶ ዘውዱ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ወደ መስኮቱ ቀረብ አሉና “ለስንብቱ ይጩህ፣ ግድ የለም ልጄ፤ ሞተር ሳያጠፉ ግን ደጅ አይጠኑም” አሉት።